ከአውቶቡስዎ ኋላ ስለ ተጎተተችው ቮልስዋገን

ለክቡር ፊታውራሪ አካለ ወልድ
የልማት ጉብኝት ጓድ መሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ እንዴት አደረገዎ? የብቸናና የሞጣ መንገድ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው እንዴት እንደሚያንገላታ ስለማውቅ፣ እርስዎ አልጋ ላይ ጋደም ብለው በመጓዝዎ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። አሽጌ ብልከው ጸሐፊዎ ብቻ አንብበው ስለሚያስቀምጡት፣ ያገኘ ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ። የማመሰግንዎ ነገር ስለ በዛብኝም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ. ከብቸና ሞጣ ይመላለስ የነበረውን አንድ አውቶቡሳችንን ወስደው የጉብኝት ቤት ስላደረጉት አመሰግናለሁ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መጋረጃና ራዲዮ ገብቶለት ባየሁት ጊዜ ከእኔ ቤት አምሮ አገኘሁት። የተነቀሉት ወንበሮች በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ እንደ ተደረደሩ ናቸው። በገበያ ቀን ሰው ይቀመጥባቸዋል፤ ተቀምጦ ተቀምጦ ሲመሽበት በእግሩ ወደ መጣበት ይመለሳል።

፪ኛ. አውቶቡሱ ከሚቆምበት እስከ ክብር ድንኳኑ በእግርዎ እንዳይንገላቱ፣ ትንሿን ቮልስዋገን በብረት አስረው ከኋላ ስለሚያስጎትቱ አመሰግናለሁ። ሁለት መኪና በአንድ ሞተር ማንቀሳቀስ ለመንግሥት ቁጠባ መሆኑን ጸሐፊዎ አስረድተውኛል።

፫ኛ. ልጄ አምሳለች ምጥ ጠንቶባት፣ አዋላጇ ከእኔ አቅም በላይ ነው ባለች ጊዜ፣ የብቸናው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ለክትባት ገጠር ወጥተው ነበር። ወደ ሞጣ የሚነሣ መኪና የእርስዎ ብቻ ሆነ። ጸሐፊዎ አውቶቡሱ ከእንግዲህ መኖሪያ እንጂ ማመላለሻ ስላልሆነ ሰው እንደማይጭን ገለጹልኝ። እርስዎ ግን ራርተው በመስኮት ብቅ አሉና፣ «ኋላ ያለችው ባዶዋን ነው የምትሄደው፤ እዚያ ያስገቧት» አሉ። ሰውን ከዕቃ ሳይለዩ በእኩል ዓይን ማየትዎን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

፬ኛ. የቮልስዋገኗ ባትሪ ለራዲዮዎ ተወስዶ ኖሯል። ደብረ ወርቅን አልፈን ምጡ ሲበረታ ክላክሱን ብጫነው ብጫነው ዝም አለ። ሾፌሩ አቶ ሐምዱ ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሰሙ ኖሮ ያቆሙ ነበር። ነገር ግን ራዲዮው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ ከእኔ ይበልጥ ይጮህ ነበር። የአውቶቡስዎን አቧራ ስንውጥ ቆይተን ግንደወይን አጠገብ የልጅ ልጄ በእጄ ላይ ተወለደች።

፭ኛ. ሌላ ሴት አብራን ስላልነበረች አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ብቻዬን እልል አልኩ። በማሳ ያሉ ሴቶች ከሩቅ ተቀበሉኝ። ያን ጊዜ እርስዎ የኋላውን መጋረጃ ገልጠው ባርኔጣዎን አወዛወዙልኝ። ደስታዬን የተካፈሉኝ መስሎኝ ከልቤ መረቅሁዎ።

ብዙም ሳይቆይ የአምሳለች ደም አልቆም አለ። «እማ፣ ብርድ ብርድ አለኝ» አለችኝ። ነጠላዬን ከሥሯ ጎዝጉዤ፣ አንገቴን እንደገና አውጥቼ ኡኡ አልኩ። እርስዎም እንደገና መጋረጃውን ገልጠው ባርኔጣዎን አነሡ። እስከ ሞጣ ድረስ በጮኽኩ ቁጥር ሳይሰለቹ እጅ ስለ ነሡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለአንዲት ተራ ሴት ጩኸት ይህን ያህል መልስ የሰጠ ሹም አላየሁም።

፮ኛ. ሞጣ ስንደርስ ቮልስዋገኗ በእኛ ተይዛ ስለ ነበር በእግርዎ ወደ ድንኳኑ እንዲገቡ ማስገደዳችን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እጄን ከደሙ ላይ ማንሣት ስላልቻልኩና ጩኸቴም በድምፅ ማጉያው ስለ ተዋጠ፣ ንግግርዎን ካለሁበት ሆኜ ሰምቻለሁ። «ከግንደወይን ጀምሮ የሴቶች እልልታ አልተለየንም» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ሐምዱ መኪናዋን ሊፈቱ መጥተው ያለንበትን ሲያዩ፣ ጭብጨባውን ጥሰው የሞጣውን ድሬሰር አቶ ሳሊህን ይዘው መጡ። አቶ ሳሊህም ደሙን እዚያው መኪናዋ ውስጥ አቆሙት። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር» አሉኝ። ሕፃኗ ደህና ናት፤ አምሳለች ግን እስከ ዛሬ ሰው ደግፏት ነው የምትነሣው።

ስለ ተበላሸው መቀመጫ ጸሐፊዎ የላኩት ወቀሳም ደርሶኛል። ልብሱ ላይ ያለው ደም በውሃ ይለቃል፤ እኔ ራሴ መጥቼ አጥበዋለሁ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የአምሳለች ታናሽ ፈንታነሽ ወሯ ገብቷል፤ እሷም እንደ እህቷ ጠባብ ናት ብላኛለች አዋላጇ። አውቶቡሱን ይመልሱልን። ወንበሮቹ ዝናብ ቢመታቸውም ሰው ይችላሉ። ቮልስዋገኗን ለእርስዎ ትተንልዎታል።

የአውቶቡስዎን የኋላ መጋረጃና የባርኔጣዎን ገበር ከማንም ይበልጥ የማውቅ፣ አቧራዎን ጠጥቼ ውለታዎን የማልረሳ፣ ትሑት አገልጋይዎ

ወይዘሮ ይርጋነሽ ገላው
ብቸና፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በመመለሻዎ ቀን የብቸና ሴቶች መንገድ ዳር ወጥተን እልል እንድንል ጭቃ ሹሙ አዘውናል። እንወጣለን። ነገር ግን ተማክረን አፋችንን ዘግተን ልንቆም ቆርጠናል። ስለዚህ በመንገድዎ የሴት ድምፅ ከሰሙ፣ የምትሞት ሰው አለችና ባርኔጣዎን ትተው ሾፌሩን ያስቁሙልን።