ከደጃፍ የመለስከው ቃል

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ፤

ሰው ሁሉ አንቱ ሲልህ እኔ ብቻ አንተ ስልህ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም አንተ እልሃለሁ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ደህና አይደለንም፤ ንዴቴም አልበረደልኝም።

ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለው ቁርአን ቤትህ አልተዘጋም። አንተ በተቀመጥክበት ቦታ ካስተማርካቸው ደረሶች አንዱ ተተካ። ወላጆች ልጅ ሲያስረክቡህ፣ ቢገርፉትም ግድ የለኝም ለማለት የሚሉት ትዝ ይልሃል? "ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ፣ ሌላው የእርስዎ ነው።" አንተ ታዲያ የልጁን እጅ ይዘህ ወደ እናቱ ትመልሰው ነበር፤ አማና ብላ በአደራ ካልሰጠችህ አትቀበልም። ሴትዮዋ አፍራ አማና ስትል ትስቃለህ፣ ልጁም ይገባል። ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስንቴ ሰምቻለሁ!

ያንን የሰማሁት እኔ፣ የሰባት ዓመቷን የልጅ ልጅህን ሐያትን ሳስገባ ያንኑ የዓይን ነገር ተናገርኩ። ለአክብሮት ብዬ፣ ሁሉም ስለሚለው ብዬ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ባለፈው ወር ያ የተካህ ደረሳ፣ አንድ አንቀጽ ስለሳተች መዳፏን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፋት። እብጠቱስ ጠፋ። አሁን ግን ቁርአን ስገልጥ እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቃለች። ይቅር ማለት ያቃተኝ ይሄንን ነው።

ጁምዓ ዕለት ሽማግሌዎች መጡ። የሙስሊም ገመና ይሸፈናል፣ ወንድማችን ነው፣ ለአላህ ብለሽ ማሪው አሉኝ። ለአላህ! ለትናንሾች የማያዝን ከእኛ አይደለም ያሉን ነቢያችን አይደሉም እንዴ? ገመና የሚሸፈነው ለተጸጸተ ነው፤ እሱ ገመዱን እንኳ አልጣለም። በዳይ ወንድምህን እጁን ከበደል ይዘህ እርዳው የሚለውን ሐዲስ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ካንተ ዘንድ ተምረውታል። እንግዲያው እጁን ያዙልኝ አልኳቸው። ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እነሱ ያልያዙትን እኔ ያዝኩት። ለመስጂዱ ኮሚቴም ለፖሊስም አመለከትኩ። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ እሱ ግን ከማስተማር ታግዷል። ኮምቦልቻ ያሉት የባሌ ዘመዶች ሸህ የከሰሰች ብለው ሰላምታ ነሱኝ። ይንሱኝ!

ባንተም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። ቃሉን ከደጃፍ ስትመልስ፣ ለምን እንደምትመልሰው ለደረሶችህ ነግረሃቸው ታውቃለህ? ኪታቡን አስተማርካቸው፤ እጃቸውን ግን ማን አስተማረው?

ቅዳሜ አዲሱ ኡስታዝ ማስተማር ሲጀምር ሐያትን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዲት እናት ከኩታበር ልጇን አመጣች። "ዓይኑን ብቻ..." ስትል የልጁን እጅ ይዤ ወደ እሷ መለስኩት። አማና በይ አልኳት። አለች፤ ልጁም ገባ።

ሐያት ቀና ብላ አየችኝና "እኔንስ?" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። ኡስታዙ እየሰማ አማና አልኩ። ያን ቀን አልገባችም፤ ግን አንድ እጇን ከቀሚሷ አውጥታ ያዘችኝ።

አባዬ፣ በዱዓ ብቻ አላስታውስህም። በሕይወት እስካለሁ ያንን ቃል ከደጃፍህ እመልሳለሁ።

ልጅህ