ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ ጉልበት

ለክቡር ፕሮፌሰር ስቬርከር ሊንድማርክ
የኤልቭስሁልት የጉልበት ጤና ጥናት ማዕከል ዋና ተመራማሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና በተለይም ለሁለቱም ጉልበቶችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደረጃ ሲወጡ የማይንቋቋ፣ ሲወርዱ የማይከዳ ጉልበት ያድርግልዎ። እኔም ባለሁበት አራተኛ ፎቅ ደህና ነኝ፤ ከዚህ ብዙም ስለማልወርድ የሚያገኘኝ ክፉ ነገር የለም።

ስሜ ማይ-ብሪት ሴደርክቪስት ነው። በዚህች ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ደረጃ እየወጣሁ ደብዳቤ ያደልኩ ጡረተኛ ነኝ። ክቡርነትዎ ግን የሚያውቁኝ «ቁጥር 61» በሚለው ነው። የጭን ጡንቻን ማጠንከር የታመመ ጉልበትን እንደሚረዳ ባረጋገጡበት ጥናት ውስጥ ምንም ሳይደረግላቸው እንዲቆዩ ከተመደቡት፣ ማለትም ከማነጻጸሪያው ቡድን አንዷ ነበርኩ። ውጤቱ በጋዜጣ ወጥቶ በማየቴ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽና ጥቂት ቅሬታ በትሕትና ላቀርብ ብዕሬን አንስቻለሁ።

አንደኛ፣ በቡድን ስለ ከፈለን ዕጣ አመሰግናለሁ። ከታቼ የምትኖረው ጎረቤቴ ጉንቮር እንቅስቃሴውን ከሚሠሩት ወገን ስትመደብ፣ ለእኔ ስለ ምቹ ጫማ የሚያወራ በራሪ ወረቀት ደረሰኝ። ዓመቱን ሙሉ ምንም ዓይነት የጭን ማጠንከሪያ እንዳልጀምር ፈረምኩ፤ እናንተም ዓመቱ ሲያልቅ እኔንም ልታሠሩኝ ፈረማችሁ። ከሁለቱ ፊርማዎች የእኔው ሠርቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ ታማኝነቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሕንጻችን ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ የጉንቮርና የእኔም ተራ ሐሙስ ጠዋት ተከታትሎ ይመጣል። በዚህ አገር የሌላውን የማጠቢያ ሰዓት በአሥር ደቂቃ የነካ ሰው የወቀሳ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ያገኛል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ነን፤ የተጻፈ ነገር እናከብራለን። አንድ ሐሙስ ጉንቮር የማጠቢያውን ማሽን ይዛ ቁጭ ብድግ ስትል ደረስኩባት።

«ነይ እስቲ፣ አንቺም ያዢና ሞክሪ። ጭንሽን ሲያቃጥልሽ ጉልበትሽ ይመርቅሻል» አለችኝ።

«ፈርሜያለሁ» አልኳት።

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ማን ያይሻል? ፕሮፌሰሩ ካልሲውን ሊያጥብ ይመጣል ብለሽ ነው?»

«ጥናቱ ይበላሻል፣ ጉንቮር።»

«እንግዲያው አንቺ ለጥናቱ ስትጠነቀቂ ጉልበትሽ ይበላሽልሽ!»

ያን ቀን ስቄባት ነበር። ፀደይ ሲገባ እርሷ የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ ሁለት ሁለት ደረጃ መዝለል ጀመረች፤ እኔ መደገፊያውን ይዤ ስድሳ ስምንቱን ደረጃ በሦስት ዕረፍት እወጣለሁ።

ሦስተኛ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን ሳልደብቅ፣ እንዲያውም በየወሩ በቅጽ እየሞላሁ ስልክላችሁ ከርሜ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የፈረማችሁልኝን ልቀበል መጣሁ። ባልደረባዎ የጉልበቴን የራጅ ፎቶ አይቶ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ የምንቀበለው መለስተኛ ጉዳት ያለባቸውን ብቻ ነው፤ የእርስዎ ከዚያ አልፏል» አለኝ። ስመዘገብ መለስተኛ ነበር። ያለፈው እናንተ የሰጣችሁኝን ተራ ሲጠብቅ ነው።

አራተኛ፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ብሄድ ወረፋ ለመያዝ ሦስት ወር የጭን እንቅስቃሴ መሥራቴን የሚገልጽ ማስረጃ ተጠየቅኩ፤ እንቅስቃሴ ከቢላ መቅደም እንዳለበት በክቡርነትዎ ጥናት ተረጋግጧልና። ማስረጃውን የሚሰጠው ማን ነው ብዬ ብጠይቅ የእርስዎን ማዕከል አድራሻ ሰጡኝ። አድራሻውን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ለስንት ዓመት ደብዳቤ ያደረስኩበት በር ነው።

አምስተኛውን በጨዋነት ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ተናድጃለሁ። ሕንጻችን አሳንሰር የለውም፤ ደረጃውን መውጣት ካቃተኝ አርባ አንድ ዓመት የኖርኩበትን፣ ባሌን ቀብሬ የተመለስኩበትን ቤት መልቀቄ ነው። ይህን ያመጣብኝ እርጅና ብቻ ቢሆን ችዬ ዝም እል ነበር።

ስለዚህ ወይ እንድታሠሩኝ፣ ወይ ግማሽ ገጽ ማስረጃ እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። እስከዚያው ጉንቮር ሐሙስ ሐሙስ የታጠበ ልብሴን ይዛልኝ ትወጣና የወጥ ቤቴን ወንበር አስይዛ ቁጭ ብድግ ታሠራኛለች። አሥር ጊዜ አልሞላም ገና። ዘግይቷል አልዘገየም የሚለኝ ሰው አላገኘሁም፤ እንደ እኔ ያለውን ጉልበት ያጠና የለምና።

ለሳይንስ ላሳያችሁት ትጋት ያለኝ አድናቆት፣ ከጉልበቴ በተለየ ሁኔታ፣ ሳይጎድል እንዳለ መሆኑን እየገለጽኩ፣

የዘወትር አክባሪዎ
ማይ-ብሪት ሴደርክቪስት፣ በእናንተ መዝገብ ቁጥር 61

ማስታወሻ፦ ውጤቱን ስታበስሩ ባዘጋጃችሁት የምስጋና ግብዣ ላይ ጉንቮር ደግፋ አውርዳኝ ተገኝቼ ነበር፤ ኬኩ ግሩም ነበር። በጠረጴዛዬ ዙሪያ የነበሩት ሌሎች ሦስት የማነጻጸሪያ ቡድን አባላት ዓመቱን ሙሉ በድብቅ ቁጭ ብድግ ሲሠሩ መክረማቸውን እየሳቁ አጫወቱኝ። ሲጨርሱም ያለ ምርኩዝ ተነሥተው ሄዱ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ቃሉን የጠበቀው የማነጻጸሪያ ጉልበት የእኔ ብቻ ነው። ጥናትዎ የቆመው በእርሱ ላይ ነውና፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይርገጡት።