ጉዳዩ፦ ስለ ልጅዎ ዓባይነሽ

ግንቦት 7፣ ሰኞ። ነቀምቴ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው አንድ ደብዳቤ መጻፍ ስላቃተኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አርባ ሦስት መጻሕፍት መዘገብኩ። የሁለቱን ጀርባ በኮላ አጣበቅሁ። የዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች "ቲቸር ኤልዳና፣ ጦርነቱ እንዴት ነበር?" አሉኝ። "መጽሐፉን የምትመልሱት ዓርብ ነው" አልኳቸው። ይህ ነው እንግዲህ የዘማች መልስ!

ደብዳቤው ለወይዘሮ ድንቅነሽ ነው፤ ለዓባይነሽ እናት። ዓባይነሽ በአንድ ጋንታ አብራኝ ነበረች። ከሞተች ዘጠኝ ወር ሆናት። እናቷ አልሰሙም። የጦሩ መዝገብ ላይ ያለው አድራሻ ኪራሙ ነው። የኪራሙ ቤታቸው ተቃጥሎ ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል፤ ማን ያድርስላቸው? አሁን ሲሬ መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። ጎጃም ያሉ ወንድሞቻቸው "ነይ" ቢሏቸው እምቢ ብለዋል። ልጃቸው ስትመለስ የምትወርደው እዚያ ነዋ። የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ ቀና ብለው ያያሉ አሉ።

መሞቷንም እናቷ ያሉበትንም የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አምስት ረቂቅ ቀድጃለሁ።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

ስድስተኛ ረቂቅ። "ጉዳዩ፦ ስለ ልጅዎ ዓባይነሽ" ብዬ ጀመርኩ። በሦስት ንዑስ ቁጥር ከፈልኩት። ሞትን በንዑስ ቁጥር!... ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። እስቲ መጀመሪያ ለራሴ ልጻፈው።

የቀበሌያችን የዘማች ኮታ ሁለት ሰው ጎድሎ ነበር። አንዷ እኔ ሆንኩ። ቅጹ "በፈቃደኝነት" ይላል። ቃሉ ትክክል ስላልሆነ እንዲታረም ጠየቅሁ። ቃሉ ሳይታረም እኔ መኪና ላይ ተጫንኩ። በሥልጠና ክላሹን ፈትቼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ዕቃ ይተርፈኝ ነበር። ዓባይነሽ "መዝገበ ቃላት" የሚል ስም አወጣችልኝ፤ ጋንታው በሙሉ ተቀበለው።

ምሽግ ውስጥ ስለ ውኃ ማፍላት ግማሽ ሰዓት አስተማርኳቸው። ነጥብ በነጥብ። በማግስቱ ሲጠማኝ ከወንዙ እንዲያው ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጥበቃ ቆሜ ሳለ... ሆዴ። ዓባይነሽ ገባት። እየሳቀች መጣች።

"ሂጅ መዝገበ ቃላት፣ እኔ እቆምልሻለሁ። ሱሪሽ ሳይቀድምሽ ሂጅ!"

ቁጥቋጦው ጋ ደርሼ ቀበቶዬን ስፈታ ሞርታር ወደቀ። ቆሜበት የነበረው ቦታ ላይ። እኔን ፍንጣሪው ጭኔን አገኘኝ። እሷን ግን...

ከጦርነት የተረፍኩት እንዲህ ነው። በተቅማጥ።

ንዑስ ቁጥር ሁለት ላይ "በእኔ ተራ ቆማ ሳለ" ብዬ ጻፍኩ። ሐቅ ነው። ፈረምኩ። አሸግሁ።

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

ምን አደረግሁ?

ሲሬ ሄድኩ። ብቻዬን፣ በቀትር፣ ፖስታዬን ይዤ። ፍተሻ ላይ ወታደሩ "እግርሽን ምን ሆነሽ?" አለኝ። "ወታደር ነበርኩ" ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ሳቀ። አልተቀየምኩትም። እኔም መስተዋት ሳይ እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ።

ወይዘሮ ድንቅነሽን ወዲያው አወቅኋቸው። የልጃቸው ጥርስ አላቸው። "ከዓባይነሽ ጋር አብረን ነበርን" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ፖስታውን ዘረጋሁ።

"እሰይ! እሰይ የኔ አንጀት! ጽፋልኝ ነው?"

ሳሙት። ግንባራቸውን አስነኩት።

"እማማ፣ ደብዳቤው..."

"ተይ! እንዳትነግሪኝ! እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ያነቡልኛል። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይሰማል!" ወደ ሌሎቹ ቆሎ ሻጮች ዞሩ። "አላልኋችሁም? አላልኋችሁም?"

ፖስታውን ጡታቸው ሥር ሸጎጡት። እጄን ዘርግተው ቆሎ አፈሱልኝ። "ከስተሻል፤ እሷም እንዲህ ከስታ ይሆን?"

"አውቶቡሱ ሊሄድ ነው" አልኩ።

እውነት ነበር፤ አውቶቡሱ ሊሄድ ነበር። ውሸት አልተናገርኩም። እንዴት ያለሁ ንጹሕ ሰው ነኝ!

እሑድ፣ በሕዝብ ፊት... ቆሎው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ግንቦት 10፣ ሐሙስ

ኦቦ ጆቴ ዘንድ ሄድኩ። የበከኒሳ ቀሴ ሰፈራችን የእድር ዳኛ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ መርዶ በፖስታ ይላካል?"

"ስሕተት እንዳይኖርበት ብዬ..."

"ግልባጩን ለማን አደረግሽ?"

"ለራሴ አንድ ቅጂ አስቀርቻለሁ።"

"ዋቀዮ!" አሉ። ፈጣሪን መጥራታቸው ነው። "ጥይት የማረሽን እኔ ልግደልሽ? መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰው ቤቱ ሳለ፣ ወደ ሥራው ሳይወጣ። የሚናገር ሽማግሌ፣ የሚደግፍ ጎረቤት ይዘሽ ነው። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ስታነቢ የትኛው ላይ ጠፋ?"

እናቴ ሰው ስታረዳ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አንድም ቀን ብቻዋን አልሄደችም። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ፈርቼ ነው። ወረቀቱ በእኔ ፈንታ እንዲቆም ፈልጌ ነው። እኔ በተራዬ መቼ ቆሜ አውቃለሁ?

"ነገ ከሰዓት እንሄዳለን። ማለዳ መንገዱ አይከፈትም፤ ሲሬ እኅቴ ደራርቱ ቤት እናድራለን። አንቺ ምንም አትናገሪ። ቁሚ ብቻ። ከጠየቀችሽ ትመልሻለሽ።"

ግንቦት 11፣ ዓርብ። ሲሬ

ስድስት ሆነናል። ሁለቱ የኪራሙ ሰዎች ናቸው፤ ደራርቱ ፈልጋ አገኘቻቸው። ደብተሬን ሳወጣ ኦቦ ጆቴ አዩኝ። "አሁንም ሌላ ደብዳቤ?" አሉ።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ። ሲሬ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራቸውን አንኳኳን። ወይዘሮ ድንቅነሽ ከፈቱ። ስድስታችንን አዩ። የኪራሙን ሰዎች አዩ። መጨረሻ ላይ እኔን።

ማንም ገና አልተናገረም። እጃቸው ወደ ጡታቸው ሥር ሄደ፤ ወደ ፖስታው። ከዚያ ጮኹ።

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟቸው። ረቡዕ ብነግራቸው ማን ሊይዛቸው ነበር? ፖስታው?

ረፋዱ ላይ፣ ቤቱ በሰው ከሞላ በኋላ፣ "ያችን ልጅ ጥሩልኝ" አሉ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ተናገርኩ። ተራው የእኔ እንደ ነበር። ውኃውን። ቁጥቋጦውን።

"አፍሉ ብለሽ አስተምረሽ፣ ራስሽ ሳይፈላ ጠጣሽ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እሷስ ምን አለችሽ?"

ነገርኳቸው። ሱሪውንም ጭምር። ሰው ፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"እየሳቀች?"

"እየሳቀች።"

ኦቦ ጆቴ አንገታቸውን ደፉ። ደጅ አንድ አውቶቡስ ጡሩምባ ነፍቶ መናኸሪያ ገባ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ቀና አላሉም።

"እሷ ናት" አሉ። "አፏ እንዲህ ነው። አንቺን ብገድልሽ እሷ አትመጣ..." ፖስታውን አውጥተው ጭኔ ላይ ጣሉት፤ እንደ ታሸገ ነው። "ይህን ውሰጅልኝ። ሰኔ 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ተዝካሯን አወጣለሁ። የኪራሙ ሰው ከያለበት ይመጣል። መጥተሽ ለእኔ እንዳወራሽው ታወሪያለሽ፤ ተራሽንም፣ ሱሪውንም ሳትዘይ። ልጄ ስቃ መሞቷን ሰው ይስማ። በቃልሽ። ወረቀት ይዘሽ እንዳትመጭ።"