ስም ሲጠራ

እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሰላ

አባባ ጉልበታቸውን ስላመማቸው የእድሩ ስብሰባ ላይ እኔ ተገኘሁላቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቶሎሳ ስም ሲጠሩ ሁሉም «አለሁ» ይላል፤ በአባባ ስም እኔ አልኩ። ጋሽ ቶሎሳ ቀና ብለው አዩኝና «እናንተ ፓይለቶችስ እድር የላችሁም?» አሉኝ።

«ማኅበር አለን» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ።

ባለፈው ወር የማኅበራችን ተወካይ ዮናስ አለቆቻችን ፊት ቆሞ «እንቅልፍ ሳንጠግብ ነው የምንበረው፤ እረፍት ይጨመርልን» አለ። ዋናው አለቃ «ይህን የሚል ሌላ ማን አለ?» ብሎ አየን። ከመግባታችን በፊት «አብረንህ ነን» ያልነው ሁሉ ዝም አልን። እኔ ጫማዬን አየሁ። ዮናስ ከሥራ ታገደ። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩለትም።

ዛሬ በአባባ ስም «አለሁ» ስል ግን ድምፄ እስከ በሩ ተሰማ።