ጭቅጭቅ የሌለበት ማኅበር

ሰኞ
ተገላገልኩ። መሥሪያ ቤታችን የሚሰጠው አንድ የውሃ ፓምፕ፣ የጠየቁት ሁለት የመስኖ ማኅበራት። ለመርሳው ማኅበር ሰጠሁ፣ የግራናውን ከለከልኩ። ቃለ ጉባኤያቸው በየሳምንቱ የተጻፈ፣ ሁሉም የፈረመበት፣ አንድም ቅሬታ የሌለበት። የግራናዎቹ ስብሰባ ግን ጩኸት ብቻ ነው። መዝገብ ስጠይቅ ውሃ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ ሼህ ሰይድ ሳቁብኝ፤ «ማን ይጽፋል ልጄ? ሁላችንም ስንጮህ አይደል የዋልን!» የምዘና ቅጹ ላይ «ግጭት የበዛበት» ብዬ ሞላሁ።

ረቡዕ
ወደ መርሳዎቹ ማሳ ወረድኩ። ፓምፑ ይሠራል። ውሃው ግን የሚሄደው ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የብርቱካን እርሻ ነው። ከታች ያሉት ሽንኩርታቸው ጠውልጓል። ዘሀራ የምትባል፣ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ማሳዋ ዳር ቁጭ ብላ አገኘኋት። ለምን በስብሰባ አልተናገርሽም አልኳት።

«የቱ ስብሰባ እቴ? መዝገቡን ቤት ለቤት ያዞሩታል፣ እንፈርማለን። የተናገረ የውሃ ተራው ይዘለላል።»

ያንን መዝገብ እኮ ሥልጠና ላይ አርአያ ብዬ አሳይቻለሁ! አፈርኩ።

ሐሙስ
ለኃላፊዬ ነገርኩት። ሻዩን ጨርሶ፣ «ስምምነት አለ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ፣ የፈረምሽው አንቺ። ሪፖርቱ ሄዷል» አለኝ። ውሸቱን አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለውን ተስማማ፣ የጮኸውን ተጣላ እያልኩ ስመዝን ኖሬያለሁ። ውርጌሳ ላይም እንዲሁ በጩኸታቸው የጣልኳቸው ማኅበራት አሉ። ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ
ማንም ሳይልከኝ ግራና ሄድኩ። እየተጯጯሁ ነበር። ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። የሚጨቃጨቁት የማን ማሳ ደረቀ፣ ማን ይቅደም እያሉ ነው። አንድ ጎረቤታቸው ሼህ ሰይድን ራሳቸውን፣ «አንቱ ትናንት ከተራዎ አሳልፈዋል!» አላቸው። ተቆጡ፣ ማሉ፣ በኋላ ግን «እሺ፣ የነገው ተራዬ ለሱ ይሁን» አሉ። ቦዩ እየጎደለ ነው፤ ያለው ውሃ ግን ለሁሉም ደርሷል።

ፓምፑን ለምን እንደከለከልኳቸው ጠየቁኝ። «ስለምትጣሉ» አልኩ።

ከዚያ ሼህ ሰይድ፣ «ታዲያ ሳንጣላ እንዴት ይዳረሳል፣ ልጄ?» አሉኝ።

እሑድ
«ምዘናው የኔ ስህተት ነው፣ እንደገና ይታይ» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። እናቴ ከወልድያ ደውላ፣ «ተይው፣ እንጀራሽን ታጫለሽ» አለችኝ። ዘሀራን በምስክርነት ጠቅሻት ነበር፤ ሰረዝኩት። ተራዋን የምታጣው እሷ ናት። የኔ ስም ብቻ ይበቃል። ነገ ጠዋት አስገባለሁ። ይሰሙኛል ብዬ አላምንም፤ የግራናው ቦይ ውሃ ደግሞ ከሳምንት በላይ አይቆይም።