ዘካሪያስን ከጸሎትህ አታውጣው

አቃቂ በሰቃ፣ የነነዌ ጾም ሦስተኛ ቀን

ይድረስ ገዳም ላለው ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ስግደቱን ቻለልህ? መነኩሴ ነህና አንቱ ልልህ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ግን አፌ እምቢ አለኝ። እማዬ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ ውሸት ሰለቸኝ። ቁጭ ብድግ ስል ነው የዋልኩት።

ስማኝ። ታናሻችን ዘካሪያስ ከሚሠራበት ወርክሾፕ ጣሪያ ወድቆ አልሞተም። በገዛ እጁ ነው የሄደው። መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ወደቀ ብዬ የጮህኩትም እኔ። ምን ላድርግ? ፍትሐት ተከልክሎ ከአጥር ውጭ ይቀበር? ዋሸሁና ተፈታለት፤ ከአባዬ ጎን አረፈ። ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ፣ ምሕረት ሰርቄለታለሁ እያልኩ የእግዚአብሔርን ቁጣ እጠብቃለሁ። የእማዬ ደም ግፊት ሲነሳ በኔ ነው፤ ሰፈሩ ውሃ ሲጠፋም በኔ ነው።

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዮናስ ሲነበብ ሰማሁ። ስንት ዓመት የሰማሁት ነው፤ ትናንት ግን አንዱን ቦታ እንደ አዲስ ሰማሁት። ዮናስ ከመኖር መሞት ይሻለኛል አለ። ያውም ሁለት ጊዜ! እግዚአብሔር ግን በመብረቅ አልመታውም። ጠየቀው፤ ጥላ አበቀለለት፤ እንደ ሰው አዋራው። ወይ ጉድ አልኩ።

ጸሎቱ ሲያበቃ የንስሐ አባታችንን፣ ቄስ ሀብተሚካኤልን ተከትዬ ሁሉን ዘረገፍኩላቸው። የሚፈርዱብኝን ልቀበል አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን፣ የገነዝኩት እኔ አይደለሁም ወይ፣ አለመውደቁን ያኔውኑ አይቻለሁ አሉኝ። ዘካሪያስ ስንት ጊዜ እሳቸው ዘንድ መጥቶ እንዳለቀሰ ነገሩኝ። ከታመመ ሰው ፍትሐት አልከለክልም አሉ። መነኩሴው ወንድምሽ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አያውቅም አልኩ። ንገሪው አሉኝ።

ይኸው ነገርኩህ። አንተ ወደ ቁጣው ታደላለህ፤ ከልጅነትህ አውቅሃለሁ። እባክህ ዘካሪያስን ከጸሎትህ አታውጣው። ካወጣኸው፣ እግዚአብሔር ይቅር ቢልህ እንኳ እኔ አልልህም።

ከቄሱም የደበቅኩት አንድ ነገር አለ። ዘካሪያስ ጸልይልኝ ብሎ ሲጽፍልህ የመለስክለት ደብዳቤ፣ ሰማዩ ናስ ምድሩ ብረት ይሆንብሃል ያልክበት፣ በቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ሰው ሳይደርስ አወጣሁት። በደብዳቤው ነው የሞተው አልልህም፤ ሕመሙ የቆየ ነው። ወረቀቱ ግን ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ ላይ ተቀዷል። እማዬ አላየችውም፤ አታየውምም።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ጉልበትህን ያበርታው፤ አንተንም እሱንም በምሕረቱ ይጎብኛችሁ።

ያን ደብዳቤህን ከዚህ ጋር ልልክልህ ፖስታው ውስጥ ሦስቴ ከተትኩት። ሦስቴም መልሼ አወጣሁት።

እህትህ