እማዬን ለማግኘት ወረፋ

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ
ቅዳሜ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጁባ ላለኸው ለምወድህ አባዬ፣

ከሰላምታ በፊት በእግዚአብሔርና በጉባኤው ፊት የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ፦ ለነፃ የሕግ ምክር ለመጡ ሰዎች ከቀረበው ብስኩት አንድ እሽግ ጨርሻለሁ። ሌባ ግን አይደለሁም። እኔም ባለጉዳይ ነኝ፤ ወረፋ ይዣለሁ።

የምጽፍልህ ከቸርች አዳራሽ ነው። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ በነፃ ጥብቅና እንደምትሠራ፣ ከተደዋወላችሁ፣ ነግራህ ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ሌሎች ጠበቆች እንዲመጡ በስልክ ስትለምን ነው የምትውለው። እስካሁን የመጣላት አንድ ነው፤ እሱም ሲያዛጋ ይውላል።

ወረፋ አስከባሪው ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚጸልዩ፣ ሰውየው ጠበቃ ፊት ሲደርስ ግማሹን ጉዳይ ረስቶታል። ጋሽ ባልቻ ደግሞ በነፃ ነው ብለው በየሳምንቱ የጎረቤታቸውን ውሻ ሊከሱ ይመጣሉ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማኋቸው።

«ጋሼ፣ ውሻው ሞተ አላሉኝም እንዴ?» አለች እማዬ።

«የሞተው ውሻው ነው። ጉዳዩ መች ሞተ?»

የኔ ጉዳይ ግን የምር ነው። ሰኞ ጥዋት በትምህርት ቤታችን ድራማ ንግሥት ሆኜ እተውናለሁ። እማዬ እመጣለሁ ብላ ነበር። እማዬ ጥብቅና የምትቆምላቸው የኪያ አባት ፍርድ ቤት የሚቀርቡት ሰኞ ሆነና ነገሩ ተበላሸ። ኪያ እኩያዬ ናት። የአባቷ የስደተኛ ወረቀት ሊታደስ ገብቶ ገና ስላልወጣ፣ ፖሊስ ከማታቱ ታክሲ አውርዶ ወሰዳቸው። አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ግን እማዬ ሰጥታት ሰማያዊውን ሹራቤን የለበሰችው ኪያ ናት! ትላንት እማዬ በስልክ «የኔ አንበሳ» አለቻት። የኔ አንበሳ እኮ እኔ ነበርኩ! አባዬ፣ በቅናት ድብን አልኩ።

ስለዚህ ዛሬ ቀድሜ መጥቼ ከኪያና ከእናቷ ፊት ተቀመጥኩ። እማዬ ፊት እንደ ሰው ቁጭ ብዬ፣ «እናቴን ሰው ወስዶብኛል፣ ይክሰሱልኝ» ልላት ነበር።

ጋሽ ሐብተማርያም ሰዓታቸውን አዩና፣ «አዳራሹ ከሰዓት ሰርግ አለበት። ከእንግዲህ የሚገባ አንድ ባለጉዳይ ብቻ ነው» አሉ።

ባለተራዋ እኔ ነኝ።

የኪያ እናት ወረቀቶቻቸውን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ። ኪያ ግን ጠጋ ብላ፣ «ሉሊት፣ ሰኞ ዳኛው የኔን እናት ቢጠይቃት ምን ትበል? እናትሽ ዛሬ ልታስረዳት ነበር…» አለችኝና የሹራቤን እጅጌ ማኘክ ጀመረች። ተይ ልላት ምንም አልቀረኝም።

«ግቡ» አልኳቸው።

ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ። አሁንም ምሰሶው ጀርባ ተቀምጬ እየቀናሁ ነው። እማዬ ስታስረዳቸው ድምጿ ይሰማኛል። እንዲህ ቀስ ብላ እቤት ያወራችው አንተ ሳትሄድ በፊት ነው።

ሰኞ ከጁባ መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ። አልጠየቅኩህም።

ጌታ ከሙቀቱም ከትንኙም ይጋርድህ። የምትወድህ ልጅህ፣

«ሉሊት!» — እማዬ ናት፣ በሩ ላይ ቆማ እየጠራችኝ ነው።